ነጥብ የበዛባት ደብተር

በጁላይ 1726 ከለንደን በተነሣች በርክሻየር በምትባል መርከብ ላይ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ተሳፍሯል። ወደ ፊላደልፊያ እየተመለሰ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ሲሄድ ሐሳቡ ሌላ ነበር። የፔንሲልቬኒያው ገዥ ዊሊያም ኪት ማተሚያ ቤት አቋቁምልሃለሁ ብሎት፣ መሣሪያውን ገዝቶ እንዲመጣ ነበር የላከው። የብድር ደብዳቤ ይደርስሃል ተብሏል። ለንደን ሲደርስ ደብዳቤ የሚባል ነገር የለም። ገዥው ቃል እንጂ ሌላ የሚሰጠው አልነበረውም። ልጁ ባዶ ኪሱን ሰው አገር ቀረ። በማተሚያ ቤቶች ተቀጥሮ ሠራ፤ ያገኘውንም ከጓደኛው ጋር በቲያትርና በመዝናኛ ጨረሰው።

ኋላ በአሜሪካ በአታሚነት፣ በሳይንስና በአምባሳደርነት ስሙ የሚጠራው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። መርከቧ ላይ ግን ገና ማንም አይደለም። ዕዳ አለበት። በአደራ የተቀበለውን የሰው ገንዘብ አጥፍቷል። ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ከለንደን አንዲት ደብዳቤ ብቻ ጽፎላት ዝም ብሏል። ጉዞው ሁለት ወር ተኩል ያህል ወሰደ። ጊዜ ነበረውና ተቀምጦ ስለ ወደፊቱ ዕቅድ ጻፈ።

ስለ ግብ አወጣጥ ለመጻፍ ይህን ጉዳይ የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰውየው ግቡን ምን ብሎ እንደጻፈ፣ እንዴት እንደተከታተለው፣ የት ላይ እንደከሸፈበት ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ አስፍሮልናል። እንዲህ ያለ መዝገብ ብዙ አይገኝም። የእኔን ባለፈው ዓመት የጻፍኩትን ግብ ብትጠይቁኝ ወረቀቱ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም።

አራት ነጥብ

የመርከቡ ዕቅድ ሙሉው አልተገኘም። የተረፈው ፍሬ ነገሩ ግን አራት ነጥብ ነው። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ በቁጠባ መኖር። እውነት መናገር፣ የማይፈጽመውንም ተስፋ ለሰው አለመስጠት። የያዘውን ሥራ በትጋት መሥራት፣ በአንድ ጀምበር ልበልጽግ ብሎ ከመስመር አለመውጣት። ማንንም አለማማት።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሥራ መደብ የለበትም። "በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ እሆናለሁ" የሚል ነገር የለበትም። ሁለተኛው ነጥብ የኪትን ነገር ያስታውሳል፤ ልጁ የተጎዳበትን ጥፋት ራሱ ላለመሥራት ነው የጻፈው። አንደኛውና ሦስተኛውም ለንደን ላይ ካባከነው ገንዘብ የመጡ ይመስለኛል። ግቡን ከምኞቱ ይልቅ ከቁስሉ ላይ ነው የቀዳው ማለት ይቻላል።

ይህ ነገር ወዲያው ተፈተነ። ወደ ፊላደልፊያ የተመለሰው ቶማስ ዴንሃም በሚባል ነጋዴ ሱቅ ሊሠራ ነበር። ዴንሃም ንግድ ሊያስተምረው፣ ኋላም ራሱን ሊያስችለው አስቧል። ልጁም የማተሚያ ሥራ በቃኝ ብሎ ነጋዴ ለመሆን ቆርጧል። ጥቂት ወር ሳይቆይ ሁለቱም ታመሙ። ፍራንክሊን ሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ዴንሃም አልተነሣም። ሱቁ በንብረት አጣሪዎች እጅ ገባ፤ ልጁም ወደ ቀድሞ አሠሪው ማተሚያ ቤት ተመልሶ ፊደል መልቀም ጀመረ።

"ትልቅ ነጋዴ እሆናለሁ" ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዕቅዱ በ21 ዓመቱ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። የጻፈው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ቃል፣ ስለ ትጋትና ስለ ምላስ ስለሆነ ግን ማተሚያ ቤትም ይዞት ሊገባ ቻለ። የሥራ ግብ የሚያወጣ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቢቆም ጥሩ ነው። ምን እንደምንሆን ግማሹ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ አሠሪ ይሞታል፣ ድርጅት ይዘጋል። ጠዋት ተነሥተን ምን እንደምናደርግ ግን በአብዛኛው የእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። በ1728 ከአንድ ባልደረባው ጋር የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ከፈቱ። በ1729 ጋዜጣ ገዙ። ባልደረባው መጠጥ ላይ ሲበረታና ሥራው ሲያስጠላው፣ ሁለት ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው ገንዘብ እናበድርህ አሉት፤ ከሁለቱም እኩል ተበድሮ ድርሻውን ገዛው። ይህን ብድር አስታውሱት፤ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ያጠፋውንም የአደራ ገንዘብ ከነወለዱ ከፈለ። ልጅቷን ዲቦራ ሪድን በ1730 አገባት። እንዲህ ያሉ የወጣትነት ጥፋቶቹን በማተሚያ ቤት ቋንቋ "የኅትመት ስሕተት" እያለ ይጠራቸዋል። ለእሱ ጥፋት ማለት በሚቀጥለው እትም የሚታረም ነገር ነው።

አሥራ ሦስት መስመር፣ ሰባት ዓምድ

ወደ ሠላሳ ዓመቱ ሲጠጋ አንድ ደፋር ሐሳብ መጣበት። እንከን የሌለበት ሰው መሆን። ምን ይሳነኛል፣ ደጉንና ክፉውን አውቃለሁ አለ። ሞከረው። አንዱን ጥፋት ሲጠብቅ ሌላው ከኋላ ይመጣበታል። ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ ሲገባው ዘዴ ፈለገ።

ዘዴው እንዲህ ነው። 13 ምግባር መረጠ፦ በመብልና በመጠጥ ልክን ማወቅ፣ ዝምታ፣ ሥርዓት፣ ቆራጥነት፣ ቁጠባ፣ ትጋት፣ ቅንነት፣ ፍትሕ፣ መካከለኛነት፣ ንጽሕና፣ መረጋጋት፣ በፍትወት ራስን መግዛት፣ ትሕትና። እያንዳንዱ አጠገብ አጭር ማብራሪያ አለው። ደብተር አዘጋጅቶ በየገጹ በቀይ ቀለም ሰባት ዓምድ አሰመረ፤ ለሳምንቱ ቀናት። ወደ ጎን ደግሞ 13 መስመር። ማታ ማታ ቀኑን ይመረምራል። ያጠፋበት መስመር ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ያደርጋል።

ዋናው ብልሃት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። አሥራ ሦስቱን አንድ ላይ አልተያያዛቸውም። በሳምንት አንዱን ብቻ ነው አጥብቆ የሚጠብቀው። የአትክልት ቦታ የሚያርም ሰው አረሙን ሁሉ በአንዴ አይነቅልም፤ መደብ በመደብ ነው የሚሄደው ይላል ራሱ። በ13 ሳምንት አንድ ዙር ይሞላል። ዓመት 52 ሳምንት ስለሆነ በዓመት አራት ዙር። ቅደም ተከተሉም የዘፈቀደ አልነበረም። ልክን ማወቅን ያስቀደመው አእምሮ የጠራ ካልሆነ ሌላውን መጠበቅ ስለማይቻል ነው። ቁጠባና ትጋት ከዕዳ ነፃ ሲያወጡት ደግሞ ቅንነትና ፍትሕ ይቀሉታል ብሎ አሰበ። የተራበና ባለዕዳ የሆነ ሰው ሐቀኛ ለመሆን ይቸገራል የሚል እምነት ነበረው።

ደብተሯ ጥፋት በዛባት። አዲስ ዙር በጀመረ ቁጥር የድሮውን ነጥብ እየፋቀ ስለሚጽፍ ገጾቹ ተበሳሱ። ስለዚህ መስመሩን በዝሆን ጥርስ ገበታ ላይ አሰመረና ነጥቡን በእርጥብ ስፖንጅ ማጥፋት ጀመረ። ነገሩ ያስቃል፤ ግን የልማድ መከታተያ አፕሊኬሽን ስልኩ ላይ የጫነ ሰው ሁሉ የዚህ የዝሆን ጥርስ ዘመድ ነው።

ሁለት መስመር፣ ሁለት ዕጣ

ከአሥራ ሦስቱ ሁለቱን ብቻ ልውሰድ፤ ብዙ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

አንደኛው ሥርዓት ነው። ሁሉ ነገር ቦታ ይኑረው፣ ሁሉ ሥራ ሰዓት ይኑረው። ለዚህም የ24 ሰዓት ፕሮግራም አወጣ። ንጋት 11 ሰዓት መነሣት፤ ዛሬ ምን በጎ ነገር ልሥራ ብሎ መጠየቅ፣ የቀኑን ሥራ ማቀድ፣ ማጥናት፣ ቁርስ። ከሁለት እስከ ስድስት ሥራ። ሁለት ሰዓት ለንባብ፣ ለሒሳብ መዝገብና ለምሳ። እስከ ቀትር በኋላ 12 ሰዓት እንደገና ሥራ። ከዚያ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ እራት፣ ሙዚቃ ወይም ጨዋታ፣ ዛሬ ምን በጎ ሠራሁ ብሎ መጠየቅ። ማታ አራት ሰዓት መኝታ።

አልሠራም። ምክንያቱንም በግልጽ ይናገራል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ተቀጥሮ ፊደል ለሚለቅም ሰው ይሆን ይሆናል። ባለቤት የሆነ ሰው ግን ደንበኛ በመጣበት ሰዓት መቀበል አለበት። በዚያ ላይ የማስታወስ ችሎታው ጥሩ ስለነበር ዕቃ የትም መጣል ልማዱ ነው፤ የጣለውን ያገኘዋላ። ይህ መስመር በጣም አቃጠለው። ሊተወው ሁሉ ቃጥቶት ነበር።

እዚህ ላይ የመጥረቢያ ተረት ያመጣል። አንድ ሰው ከአንጥረኛ መጥረቢያ ገዛ። ስለቱ እንደሚያበራ ሁሉ ገላው በሙሉ እንዲያበራለት ፈለገ። አንጥረኛውም እሺ፣ መሳያውን አንተ አሽከርክር አለው። ሰውየው ያሽከረክራል፣ አንጥረኛው የመጥረቢያውን ገላ ድንጋዩ ላይ ይጫናል። ከባድ ነው። ሰውየው በየጊዜው እየተነሣ ያያል። በኋላ በቃኝ፣ እንዳለ ልውሰደው አለ። ገና ዥንጉርጉር ነው እኮ ቢለው፣ ግድ የለም፣ እኔስ ዥንጉርጉር መጥረቢያ ነው ደስ የሚለኝ አለ። ፍራንክሊን በራሱ ላይ ነው የሚስቀው። የደከመ ሰው የደረሰበትን ቦታ ነበር የፈለግኩት ብሎ እንደሚጠራው ያውቃል።

ሁለተኛው ትሕትና ነው። መጀመሪያ ዝርዝሩ 12 ብቻ ነበር። ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታይ የሆነ አንድ ወዳጁ በወዳጅነት፣ ሰው ኩሩ ነህ ይልሃል፣ ክርክር ላይ ትጫናለህ ብሎ ማስረጃ ደረደረለት። 13ኛውን ጨመረ። ግን "ትሑት ሁን" የሚል ግብ ምን ይደረጋል? ማታ ነጥብ ለማድረግ እንኳ አይመችም። እሱ ወደ ቃላት አወረደው። "በርግጥ"፣ "ያለ ጥርጥር" የሚሉትን ከአፉ አወጣ። በምትኩ "እንደሚመስለኝ"፣ "አሁን ባለኝ ግምት" ማለት ጀመረ። ሰው ሲሳሳት ወዲያው አይቃወምም፤ በሌላ ሁኔታ ልክ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ግን ትንሽ ልዩነት የሚታየኝ ይመስለኛል ይላል።

ይሄኛው ያዘ። በሸንጎ ንግግር የማይችል፣ ቃል የሚያጥረው ሰው ሆኖ ሳለ ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው በዚህ ልማድ እንደሆነ ያምናል። ወዲያው ደግሞ ምሱን ይሰጠዋል፤ ትሕትናው ከልብ ሳይሆን ከላይ ከላይ እንደሆነ፣ ትዕቢቱን ፈጽሞ አሸነፍኩ ቢል እንኳ በትሕትናው እንደሚኮራ ይጽፋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ሥርዓት የከሸፈው ፍላጎት አንሶት አይደለም። የሌሎች ሰዎችን ሰዓት የሚጠይቅ ግብ ነበር። ትሕትና ከሥርዓት የባሰ ረቂቅ ነገር ሆኖ ሳለ የያዘው፣ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ እላለሁ" ወደሚል ትንሽ ደንብ ስለወረደ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1999 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ይህንኑ ነው የሚያስረዳው። መቼና የት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው፣ ግቡን ብቻ ካወጣ ሰው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ የተሻለ ነው። ፍራንክሊን ጥናቱን አላነበበም፤ ወዳጁ ስለሰደበው ነው የደረሰበት።

በ42 ዓመት ጡረታ

የሥራ ግቡ የደረሰው በ1748 ነው። ማተሚያ ቤቱን ለባልደረባው ለዴቪድ ሆል አስረክቦ፣ ለ18 ዓመት ከትርፉ የሚካፈልበት ውል ተፈራረመ። 42 ዓመቱ ነው። የቀረውን ዕድሜ ለሳይንስ ብቻ ሊያውለው አሰበ። የተወሰነ ጊዜም ሆነለት፤ የኤሌክትሪክ ጥናቱ በ1751 ለንደን ላይ ታተመ፣ በ1753 የኮፕሊ ሜዳሊያ የሚባለውን የሳይንስ ሽልማት ተሸለመ። ግን ሥራ የፈታ ሰው ነው ብለው ሁሉም ያዙት። በ1751 የፔንሲልቬኒያ ሸንጎ አባል ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ መመለስ የለም። ነፃ ጊዜ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚውል ባለቤቱ አጥሮ ካልያዘው፣ ሌላው ሰው ይሞላዋል።

ደብተሯም ቀስ በቀስ ቀረች። መጀመሪያ በዓመት አንድ ዙር፣ ከዚያ በጥቂት ዓመታት አንዴ፣ በመጨረሻ ጭራሽ ተወ። ግን የትም ሲሄድ ይዟት ነበር የሚሄደው። ስለ ዘዴው ሙሉ መጽሐፍ ሊጽፍ አስቦ ለሰው ሁሉ ተናግሯል፤ አልጻፈውም።

ሰው የሥራ ምክር ሲጠይቀው ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ አንድ ደብዳቤ አለ። በ1772 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ፕሪስትሊ አዲስ ሥራ ቀረበለት፤ የአንድ ባለጸጋ መኳንንት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እንዲሆን። ልሂድ ወይስ ልቅር አለው። ፍራንክሊን ሂድም ቅርም አላለውም። አንድ ወረቀት በመስመር ለሁለት ክፈል አለው፤ በአንድ በኩል የሚደግፈውን፣ በሌላው የሚቃወመውን ጻፍ። በአንድ ቁጭታ አትጨርስ፤ ሦስት አራት ቀን ስጠው፣ ሐሳቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመጣምና። ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን ሰርዝ። በአንዱ ወገን ያለው አንድ ምክንያት በሌላው ወገን ካሉት ሁለት ጋር እኩል ከመዘነ ሦስቱንም ሰርዝ። የቀረውን እይ። ፕሪስትሊ ሥራውን ተቀበለ። በ1774 ኦክስጅንን ለይቶ ያገኘበትን ሙከራ ያደረገው በዚያ መኳንንት ቤት ነው።

እዚህ ላይ እኔን የሚገርመኝ ቀኖቹ ናቸው። ሁለት ዓምድ ሁላችንም እንሠራለን። ሦስት ቀን የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን የምናወጣው ልባችን ከወሰነ በኋላ ነው።

ደብተሯ ላይ የሌሉት

አሁን የጉዳዩ ከባድ ክፍል። አሥራ ሦስቱን መስመሮች እንደገና ብታነቡ የቅርቡ ሰው የሚባል በስሙ አይገኝባቸውም። ሚስት የለም፣ ልጅ የለም፣ ወዳጅ የለም። ሁሉም እሱ ስለ ራሱ ነው።

በ1757 ለሸንጎው ጉዳይ ለንደን ሄደ፤ በ1762 ተመለሰ። በ1764 እንደገና ሄደ። ዲቦራ ባሕር ስለምትፈራ አብራው አልሄደችም። ቤት ታሠራለች፣ ሒሳብ ትይዛለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች። በመካከሉ ስትሮክ መታት። ትመጣለህ ትላለች፤ እመጣለሁ ይላል። በዲሴምበር 1774 ሞተች። እሱ የተመለሰው በሜይ 1775 ነው። አሥር ዓመት አልተያዩም። የማይፈጽመውን ተስፋ ለሰው እንዳይሰጥ በ20 ዓመቱ መርከብ ላይ የጻፈው ይኸው ሰው ነው።

ሌላም አለ። ስምንተኛው መስመር ፍትሕ ነው፤ ማንንም አለመበደል። ይህ መስመር ባለበት ቤት ባሪያዎች ነበሩ። ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በስተእርጅና ነው። በ1787 የፔንሲልቬኒያ የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1790 መጀመሪያ፣ ሊሞት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሲቀረው፣ ባርነት እንዲቀር የሚጠይቀውን አቤቱታ ለኮንግረስ ፈርሞ ላከ። ነጥብ የሚያደርገው ራሱ፣ ጥፋት ምን እንደሆነ የሚወስነውም ራሱ በሆነበት ደብተር፣ ትልቁ ጥፋት መስመር ሳይሰጠው ስንት ዓመት ሊያልፍ እንደሚችል ይህ ያሳያል። ትሕትናን እንኳ ያስጨመረው የውጭ ሰው ነበር። ፍትሕን በተመለከተ እንዲያ ያለ ወዳጅ ቢኖረው፣ ወይም ቢሰማው፣ ብዬ አስባለሁ።

የሁለት መቶ ዓመት ዕቅድ

ኑዛዜውን የጀመረው "እኔ ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የፊላደልፊያ አታሚ" ብሎ ነው። አምባሳደርነቱ፣ የፔንሲልቬኒያ ፕሬዚዳንትነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ኋላ ባከለው ቃል ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ወጣት ሳለ ሁለት ጓደኞቹ ያበደሩት ገንዘብ የሀብቱ መሠረት ነበርና፣ እሱም ለወጣቶች ማበደር ፈለገ።

ደንቡን አጥብቆ ጻፈው። ተበዳሪው ዕድሜው ከ25 በታች ይሁን። ያገባ ይሁን። ሙያውን በተለማማጅነት ተምሮ የጨረሰ ይሁን። ሁለት ዋሶች ይኑሩት። ወለዱ 5 በመቶ፣ ዕዳው በየዓመቱ አንድ አሥረኛው እየተከፈለ ያልቃል። በ100 ዓመት 131,000 ፓውንድ ይሆናል ብሎ አሰላ፤ ከዚያ ውስጥ 100,000ው ለሕዝብ ሥራ ይዋል፣ የቀረው ሌላ 100 ዓመት ይቀመጥ።

ገንዘቡ እስከ 1990 ቆየ። ቦስተን 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ፊላደልፊያ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሳቸው። ካሰላው ግን አነሰ። ፋብሪካ መጣና የተለማማጅነቱ ሥርዓት ፈረሰ። ገንዘቡ አለ፤ ያገባ፣ ከ25 ዓመት በታች የሆነ፣ ከአንድ ጌታ ዘንድ ሙያ ተምሮ የወጣ ባለእጅ ግን እየተፈለገ ጠፋ። ቦስተኖች የመጀመሪያው 100 ዓመት ሲሞላ በድርሻቸው የሙያ ትምህርት ቤት ሠሩበት። በ1908 ተከፈተ።